የ«ኦኬ» ነገር

በስልክ የማስተርጎም ሥራ ከያዝኩ ወዲህ፣ ከየትኛውም የበሽታ ወይም የመድኃኒት ስም ይልቅ የሚያስቸግረኝ በእነሱም ፊደል በእኛም ፊደል ከሁለት ሆሄ የማያልፍ አንድ ቃል ነው፤ «ኦኬ»። የምኖረው በዋሽንግተን አካባቢ ነው። የከተማዋ አስተዳደር ልዩ ልዩ ቅጾቹን በአማርኛ ጭምር ያዘጋጃል፤ ሐኪም ቤቶችም አማርኛ ተናጋሪ ታካሚ ሲገጥማቸው እንደ እኔ ያለውን ሰው በስልክ ይጠራሉ። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፤ ታካሚው በአማርኛ ይመልሳል፣ እኔ ወደ እንግሊዝኛ አዞራለሁ። ነገር ግን ታካሚው እኔን ሳይጠብቅ በገዛ አንደበቱ «ኦኬ፣ ኦኬ» ያለ እንደሆነ፣ ሐኪሙ መልሱን በራሱ ጆሮ ስለሰማ ወደሚቀጥለው ጉዳይ ይሻገራል። ያ ኦኬ «ሰማሁ» ይሁን «ገባኝ»፣ «ተስማማሁ» ይሁን «በቃኝ፣ ይልቀቁኝ»፣ ማንም ሳይጠይቅ ይታለፋል።

ይህ ነገር ደጋግሞ ሲገጥመኝ ቃሉን ከሥሩ ልመርምረው ብዬ ተነሣሁ። መዝገበ ቃላት የሚሰጠውን ፍቺ ማንም ያውቀዋል፤ እኔ የፈለግሁት ከየት እንደመጣ፣ በእነማን አፍ እንደዞረ፣ ምን ሥራ ሲሠራ እንደኖረ ማወቅ ነበር። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ኦኬ አመጣጥ ያልተባለ ነገር የለም። ግሪኮች «ኦላ ካላ» ከሚለው፣ ትርጉሙ «ሁሉ መልካም» ከሆነው አባባላቸው እንደወጣ ይናገራሉ። ስኮትላንዶች «ኦክ አይ» የሚለውን የራሳቸውን የእሺታ ቃል ያነሣሉ። ማተሚያ ቤት ውስጥ «እርማት የለበትም» ለማለት ይጻፍ ከነበረ የጀርመንኛ ምልክት ነው የሚልም አለ፤ በሄይቲ ከምትገኘው ከሌ ካይ ወደብ ይመጣ ከነበረው ጥሩ ሩም ጋር የሚያያይዘውም አለ። እኛም አገር ሠርግ ቤት ወይም ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የየሰፈሩንና የየከተማውን ስም እየበተነ አመጣጡን የሚተነትን ሰው አይጠፋም፤ ትንታኔው ጣፋጭ በሆነ መጠን ማስረጃ የሚጠይቀው ሰው ያንሳል። የኦኬም ዕጣ ይኸው ነበር።

ከእነዚህ መላምቶች ውስጥ በቀላሉ ላልፈው ያልፈለግሁት አንድ አለ። ዴቪድ ዳልቢ የተባለ የአፍሪካ ቋንቋዎች ተመራማሪ፣ በምዕራብ አፍሪካ በሚነገረው በወሎፍ ቋንቋ «አዎን፣ በእርግጥ» የሚል ፍቺ ያለውን «ዋው ኬ» የተባለ አነጋገር ጠቅሶ፣ ቃሉ በባርነት ከተጋዙ አፍሪካውያን ጋር አትላንቲክን ተሻግሮ አሜሪካ ገብቶ ሊሆን ይችላል ብሎ ነበር። የአሜሪካ እንግሊዝኛ ለአፍሪካ ቋንቋዎች ብዙ ዕዳ እንዳለበት ስለማይካድ ሐሳቡን አክብሬ ነው ያነበብኩት፤ እውነት በሆነም ደስ ባለኝ። ሆኖም በወሎፍኛው ቃልና ኦኬ ለመጀመሪያ ጊዜ ታትሞ በተገኘበት ጋዜጣ መካከል አንዱን ከሌላው የሚያያይዝ ሰነድ አልተገኘም። ጋዜጣው ግን አለ፤ ቀኑም ይታወቃል።

ጋዜጣው «ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት» ይባላል፤ ቀኑ ማርች 23፣ 1839 ነው። በዚያ ዘመን በቦስተን ራሱን «የደወል መደወል ተቃዋሚዎች ማኅበር» ብሎ የሚጠራ፣ ከቁም ነገሩ ቀልዱ የሚበዛ የወዳጆች ስብስብ ነበር፤ መነሻውም ከተማው የምሳ ደወል መደወልን በሚመለከት ያወጣው ደንብ ነው። አባላቱ ወደ ኒው ዮርክ ሲጓዙ በመንገድ ባለችው በፕሮቪደንስ ከተማ ስለማለፋቸው የዚያች ከተማ ጋዜጣ አንድ ነገር ጻፈ፤ የቦስተኑም ጋዜጣ በተራው በፌዝ መለሰለት። በዚያች አጭር መልስ ውስጥ፣ «ኦ.ኬ» የሚሉ ሁለት ፊደላት ከነነጥባቸው ተቀምጠው፣ ከጎናቸው «ሁሉ ትክክል» የሚል ፍቺ ተሰጥቷቸው ይገኛሉ። ፍቺ መሰጠቱ ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል፤ አዘጋጁ አንባቢው ገና ላያውቀው ይችላል ብሎ ገምቷል ማለት ነው።

ቀልዱ የት ላይ እንዳለ ለማየት የእንግሊዝኛውን ሆሄ ማሰብ ያስፈልጋል። «ሁሉ ትክክል» የሚለው «ኦል ኮሬክት» በትክክል ሲጻፍ የሁለቱ ቃላት መነሻ ፊደላት «ኤ» እና «ሲ» ናቸው፤ ኦ እና ኬ አይደሉም። ጸሐፊው ግን ፊደል እንዳልጠገበ ሰው ቃሎቹን እንደሚሰሙት አድርጎ ጽፎ፣ ከዚያ የተሳሳተውን አጻጻፍ አሳጠረው። «ሁሉ ትክክል» የሚለው አባባል ራሱ ትክክል ሳይሆን ቀረ፤ ሳቁ ያለው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ቢሆን «ንጉሥ»ን በእሳቱ ሰ፣ «ፀሐይ»ን በጸሎቱ ጸ ጽፎ «አጻጻፌ እንከን የለሽ ነው» ብሎ እንደመፎከር ያለ ነው፤ የኔታ ፊት ያደገ ሰው ወዲያው ይስቃል፣ ሌላው ደግሞ ምን እንዳሳቀው ይጠይቃል።

ይህ የአንድ ሰው ብልጭታ ብቻ አልነበረም። በ1838 እና በ1839 በቦስተንና በኒው ዮርክ ጋዜጠኞች ዘንድ እያሳጠሩ መጻፍ ከዚያም አልፎ አጣምሞ ማሳጠር ፋሽን ሆኖ ነበር። «ኦል ራይት» የሚለውን አጣምመው «ኦ.ደብሊው» አሉት። «አይረባም» ለማለት «ኖ ዩዝ» የሚለውን በተሳሳተ ሆሄ ጽፈው «ኬ.ዋይ» አደረጉት። «ጂ.ቲ» ሲሉ ደግሞ «ወደ ቴክሳስ ሄዷል» ማለታቸው ነው፤ ቴክሳስ ያኔ ራሷን የቻለች ሪፐብሊክ ስለነበረች ዕዳ ያሳደደው ሰው ወደዚያ ይሸሽ ነበር። ይቺ የመጨረሻዋ ብትተርፍ እንዴት ደስ ባለኝ፤ ዕቁብ በልቶ ስለጠፋ ሰው ለማውራት የምትመች ነበረች። ግን ሁሉም እንደ ፋሽን መጥተው እንደ ፋሽን ሄዱ። አንዲቱ ብቻ ቀረች፤ እርሷም የቀረችው ፖለቲካ ስላነሣት ነው።

በ1840 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቡረን ለሁለተኛ ጊዜ ለመመረጥ ይወዳደር ነበር። ቫን ቡረን በኒው ዮርክ ግዛት ኪንደርሁክ በምትባል የደች ሰፋሪዎች መንደር የተወለደ ሰው ሲሆን፣ አፉን የፈታውም በደች ቋንቋ ነበር፤ ከአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች መካከል የእናት ቋንቋው እንግሊዝኛ ያልሆነ ብቸኛው ሰው እርሱ ነው። ደጋፊዎቹ በትውልድ መንደሩ ስም «ኦልድ ኪንደርሁክ»፣ ማለትም «የኪንደርሁኩ አንጋፋ» ይሉት ነበር። የቅጽል ስሙ መነሻ ፊደላት ኦ እና ኬ ሆነው ተገኙ። በኒው ዮርክ የሚገኙ ወጣት ደጋፊዎቹ «የኦ.ኬ ክበብ» የሚል ማኅበር አቋቋሙ፤ እኛ የኪንደርሁኩ ሰው ወገኖች ነን ማለታቸውም ነው፣ ሁሉ ትክክል ነው ማለታቸውም ነው። ቃሏ ሰምና ወርቅ አገኘች። በእንግሊዝኛ ዓለም በጣም የታወቀውን ቃል ትከሻው ላይ ተሸክሞ ያሻገረው፣ እንግሊዝኛን ከደች ቀጥሎ የተማረ ሰው መሆኑ፣ በሁለተኛ ቋንቋዬ እንጀራዬን ለምበላው ለእኔ የተለየ ደስታ ሰጥቶኛል።

ተቃዋሚዎቹ፣ ዊግ የተባለው ፓርቲ ሰዎች፣ ዝም አላሉም። ኢኮኖሚው ከ1837ቱ ቀውስ አላገገመም ነበርና ፊደላቱን «ያለ ገንዘብ፣ ያለ ብድር፣ ያለ ልብስ» የሚል ትርጉም በሚሰጥ የተጣመመ አጻጻፍ እየፈቱ ቫን ቡረንን ያብጠለጥሉት ጀመር። ከዚህ የከፋው ግን በቫን ቡረን አሳዳጊ በቀድሞው ፕሬዚዳንት በአንድሩ ጃክሰን ላይ የተወረወረው ነው። ጃክሰን ሆሄ ስለማያውቅ ሰነድ ሲያጸድቅ «ሁሉ ትክክል» ለማለት የመሰለውን ፊደል ይጭር ነበር፣ ኦኬ የመጣው ከዚያ ነው ተብሎ በተቃዋሚ ጋዜጣ ተጻፈ። ስም ለማጥፋት የተፈጠረ ወሬ ነበር፤ ግን ጥሩ ወሬ ነበርና ለረጅም ዘመን እንደ ታሪክ ሲነገር ኖረ። ምርጫውን ያሸነፈው ዊጉ ዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን ነው። ቫን ቡረን ወደ ኪንደርሁክ ተመለሰ፤ ምህጻሩ ግን ባለቤቱ ከሥልጣን ወርዶም አገር ለአገር መዞሩን ቀጠለ።

ጃክሰን በሌላ ትርክትም ውስጥ ይገኛል፤ ይህኛው ቀልዱን ያበርዳል። ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የቾክታው ሕዝብ ቋንቋ «ነገሩ እንዲህ ነው» የሚል ማረጋገጫ ያለው «ኦኬህ» የተባለ አነጋገር አለው፤ የኦኬ ምንጭ ይኸው ነው የሚለው ሐሳብ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ተከታይ ነበረው። ፕሬዚዳንት ውድሮ ዊልሰን ይህን አምኖ ሰነድ ላይ ሲፈርም በቾክታው አጻጻፍ «ኦኬህ» እያለ ይጽፍ ነበር። የታሪኩ ተራኪዎች አንዳንዶቹ ቃሉን ከቾክታዎች ተቀብሎ ያስፋፋው ጃክሰን ነው ይላሉ። ቾክታዎች ግን ጃክሰን በ1830 በፈረመው የማፈናቀል ሕግ መሠረት ከሚሲሲፒ ምድራቸው መጀመሪያ ከተነቀሉት ሕዝቦች መካከል ናቸው፤ ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው ግዛት ሲነዱ ብዙዎች በብርድና በበሽታ በመንገድ አልቀዋል። የኦክላሆማ ስም እውነተኛ ቾክታውኛ ነው፤ «ኦክላ» ሕዝብ፣ «ሆማ» ቀይ ማለት ነው። ሕዝቡን ከአገሩ ያስነቀለውን ሰው የቋንቋው ባለውለታ አድርጎ የሚያቀርብ ተረት፣ በማስረጃ ባይወድቅ እንኳ በሐፍረት መውደቅ ነበረበት።

ይህን ሁሉ ውዥንብር ያጠራው አለን ዎከር ሪድ የተባለ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ሪድ መጀመሪያ በ1941 ባወጣው ጽሑፍ ቃሉን እስከ ቫን ቡረን የምርጫ ዘመን ድረስ ተከታትሎ ደረሰበት። በዚያ አልተወውም። የጥንት ጋዜጦችን ገጽ በገጽ ሲያገላብጥ ከርሞ፣ በ1963 እና በ1964 «አሜሪካን ስፒች» በተባለው መጽሔት በተከታታይ ባሳተማቸው ጥናቶች የ1839ኙን የቦስተን ጋዜጣ አወጣ፤ ከጎኑም የዘመኑን የምህጻረ ቃል ፋሽን በምሳሌ በምሳሌ ደርድሮ፣ ኦኬ ብቻዋን ከሰማይ የወረደች ሳትሆን የአንድ ትልቅ ቀልድ አባል መሆኗን አሳየ። ዛሬ የቋንቋ ሊቃውንት በአብዛኛው የሚቀበሉት ይህንኑ ነው። ሰው ግን አሁንም ግሪኩን ይመርጣል። አንድ ታላቅ ቃል ከታላቅ ቦታ ቢመጣ እንወዳለን፤ ከጋዜጠኛ ፌዝ መጣ ሲባል ቅር ይለናል። የካዛንቺስን ነገር የሚያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ግን ብዙ አይደንቀው። ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት የሚሠራ ተቋም ነበራቸው፤ የተቋሙ ስም ምህጻር «ኢንቺስ» ነው፤ «የኢንቺስ ቤቶች» የሚለው «ካዜ ኢንቺስ» በአፋችን ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። ፊደላቱ የምን ምህጻር እንደሆኑ ሳያውቅ ተወልዶ ያደገበት፣ የነገደበት፣ ያዘነበት ሰው ስንት ነው። ስም ሥራውን ለመሥራት አመጣጡ እንዲታወቅለት አይጠብቅም።

ለእኔ የታሪኩ ዋና ክፍል ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው፤ ብዙ ጸሐፊዎች በችኮላ የሚያልፉት ቴሌግራፍ። ሳሙኤል ሞርስ ከዋሽንግተን ወደ ባልቲሞር በሽቦ የመጀመሪያውን መልእክት የላከው በሜይ 24፣ 1844 ነው፤ ኦኬ ከታተመች አምስት ዓመት ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ማለት ነው። ቴሌግራፍ ፊደል ያስከፍላል፤ ያደክማልም። ኦፕሬተሩ እያንዳንዱን ፊደል በነጥብና በሰረዝ እየመታ ስለሚልክ፣ ከወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው መቀበሉን የሚያስታውቅበት አጭር ምልክት ያስፈልግ ነበር። ኦ እና ኬ ሥራውን ያዙ። መልእክት ተልኳል የሚባለው ተቀባዩ ጣቢያ ኦኬ ብሎ ሲመልስ ሆነ፤ ባቡር ጣቢያዎችም የባቡሮችን መነሻና መድረሻ የሚያስታውቁት በሽቦ ነበርና ቃሉን ወረሱት።

ይህን ኦኬ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ኦፕሬተሩ የሰው ሞት የሚያረዳ መልእክት ሊቀበል ይችላል፤ የጥጥ ዋጋ መውደቁን፣ ጦር መሸነፉን ሊቀበል ይችላል። ለሁሉም የሚመልሰው ኦኬ ነው። «ደስ ብሎኛል» አላለም፣ «ተስማምቻለሁ» አላለም፣ «እፈጽማለሁ» አላለም። ያለው «ፊደላቱ ሳይጎድሉ ደርሰውኛል፣ ቀጥል» ብቻ ነው። በቦስተን «ሁሉ ትክክል» ብላ የተወለደችው ቃል በሽቦው ላይ «ደርሷል» ወደሚል ትርጉም ተገፋች፤ የዛሬው ጠባይዋ የተቀረጸው በአብዛኛው እዚያ ይመስለኛል። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ግን በየቀኑ በስልክ መስመር ላይ ቁጭ ብዬ ስሰማት የሽቦው ልጅነቷ ጎልቶ ይታየኛል።

አሜሪካውያን ሲጠቀሙባት አዳምጡ። ምግቡ እንዴት ነበር ሲባሉ «ኦኬ ነበር» ካሉ አወደሱት ማለት አይደለም፤ በእኛ «ምንም አይልም» የምንለው ነው፤ ምግብ ያበሰለችው ሴት ፊት እንዲህ ብትሉ ቡናው ይቀርባችኋል። የወደቀ ሰው ሲያነሡ «ኦኬ ነህ?» ይላሉ፤ ተርፈሃል ወይ ነው። አለቃ ስብሰባ ሲጀምር «ኦኬ» ይላል፤ «እንግዲህ» እንደማለት ነው። ድምፁን ጎትቶ ካለው ደግሞ «አላመንኩህም፣ ግን ቀጥል» ይሆናል። በጽሑፍ መልእክት «ኬ» ብቻ ተቆርጣ ስትላክ የመኳረፍ ምልክት እንደሆነች ልጆቻችን ያስተምሩናል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የጋራ ነገር አለ፦ ኦኬ የሆነ ነገር አለመበላሸቱን ትናገራለች እንጂ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው ብላ አትፈርድም። ለዚህም ይመስለኛል በየአገሩ ቋንቋ በቀላሉ የገባችው፤ ማንንም ምንም አታስገድድም።

ማንንም ምንም የማታስገድድ ቃል ግን ሐኪም ቤት ስትገባ አደጋ አላት። ማንነታቸውን የሚጠቁመውን ሁሉ ትቼ አንዱን ልንገራችሁ። አንዲት እናት ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ይዘዋል። ነርሷ በስልኩ ማጉያ በኩል፣ የደም ማቅጠኛውን ክኒን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ማቆም እንዳለባቸው፣ በየትኛው ቀን እንደሚያቆሙ፣ በየትኛው ቀን እንደሚጀምሩ ታስረዳለች። እኔ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ስመልስ እርሳቸው በየመሃሉ «ኦኬ፣ ኦኬ፣ እሺ ልጄ፣ ኦኬ» ይላሉ። ነርሷ የኮምፒዩተሯን ቁልፎች ስትነካካ ይሰማኛል፤ ታካሚዋ መመሪያውን እንደተረዱ እየመዘገበች ይመስለኛል። የአስተርጓሚ ደንብ በራሴ ፈቃድ ምክር እንድሰጥ አይፈቅድልኝም፤ የመግባባት ችግር ያለ ሲመስለኝ ግን አቁሜ እንዳሳውቅ ይፈቅድልኛል። ስለዚህ ለነርሷ፣ ታካሚዋ የገባቸውን በራሳቸው ቃል ቢናገሩ መልካም እንደሚሆን አመለከትኩ። ይህ እዚህ አገር የታወቀ አሠራር ነው፤ ሐኪሞች ያስረዱትን ነገር ታካሚው መልሶ እንዲነግራቸው ይጠይቃሉ። እርሷም ጠየቀቻቸው፤ እኔም «እማማ፣ ክኒኑን በተመለከተ ምን ሊያደርጉ እንደሆነ በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ ትልዎታለች» አልኳቸው።

«ክኒኗንማ እንዴት እተዋታለሁ ልጄ፤ ለልቤ እኮ ናት» አሉ።

ነርሷ ደንግጣ፣ «ታዲያ ኦኬ ሲሉኝ ነበር» አለች። ይህንንም አስተረጎምኩላቸው። የመለሱትን እንዳለ አስቀምጠዋለሁ፦ «ኦኬ ያልኩትማ ሰው ሲናገር ዝም ብሎ ማፍጠጥ ነውር ስለሆነ ነው።»

ከዚህ የተሻለ የኦኬ ፍቺ በየትኛውም መዝገበ ቃላት አላነበብኩም። እርሳቸው የቴሌግራፍ ኦፕሬተሩን ኦኬ ነበር የሚመልሱት፤ ድምፅሽ እየደረሰኝ ነው፣ ቀጥዪ። ነርሷ የሰማችው ደግሞ የፊርማ ያህል የሚቆጠረውን ኦኬ ነው። ሁለቱም ቃሉን በትክክል ተጠቅመውበታል። ችግሩ የባህል ነው፣ እኛ ይሉኝታ ስለሚያጠቃን ነው የሚሉኝ የሥራ ባልደረቦች አሉ፤ ይሉኝታ ድርሻ የለውም አልልም። ሆኖም እንግሊዝኛን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ አሜሪካዊም ሐኪሙ በቸኮለበት ሰዓት «ኦኬ፣ ኦኬ» ብሎ ወጥቶ፣ መኪናው ውስጥ ሲገባ የተባለውን ማስታወስ ያቅተዋል። ቃሏ ራሷ ሁለት በር አላት።

የእኛ ሌላው ነገር ደግሞ ጭራሽ ፊደል የለውም። አዎን ለማለት ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ስበን የምናሰማት ያቺ አጭር ድምፅ፣ አማርኛ ለማያውቅ ሰው የድንጋጤ ወይም የመታፈን ምልክት ትመስለዋለች። ሐኪሙ «ደረትዎን ያምዎታል?» ብሎ ጠይቆ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሲሳብ ሲሰማ፣ ሕመሙ ገና አሁን የጀመራቸው መስሎት «ምን ሆኑ?» ብሎ ይጮኻል። እኔ «አዎን ማለታቸው ነው» እላለሁ። ከኦኬ ይልቅ ይቺ ትሻለኛለች፤ ቢያንስ ሐኪሙ እንዳልገባው ያውቃል፣ ይጠይቃልም።

አማርኛችን ለዚህ ጉዳይ የራሱ ቃላት ያጡት ቋንቋ አይደለም። «ይሁን» አለ፣ «በጀ» አለ፣ ከሁሉም በላይ «እሺ» አለ። «እሺ ይበልጣል ከሺ» የተባለላት እሺ ከኦኬ የከበደች ናት፤ አንድ ሰው ጠይቆ ወይም አዝዞ፣ ሌላው ፈቃዱን ሲሰጥ የምትነገር ናት። «እሺ ብለኸኝ ነበር እኮ» የሚል ወቀሳ ሰው ላይ ይሠራል፤ «ኦኬ ብለኸኝ ነበር» የሚለው ያን ያህል አይጎዳም። እዚህ ያደጉ ልጆች ይህን በደንብ ያውቁበታል። ክፍልህን አጽዳ ሲባል «ኦኬ» የሚል ልጅ ዐይኑን ከስልኩ አይነቅልም፤ አንዲት ጎረቤቴም በዚህ ተቃጥላ «ኦኬ አትበለኝ፣ እሺ በለኝ!» ስትል እሰማታለሁ። ልጁ እሺ ካለ መነሣት እንዳለበት ሁለቱም ያውቃሉ።

እንዲያም ሆኖ ሁለቱን ቃላት አንድ ያደረጋቸው ቦታ አለ፤ የኮምፒዩተርና የስልክ መስኮት። ነገሩ የጀመረው አፕል «ሊሳ» የተባለችውን፣ በ1983 ገበያ ላይ የዋለችውን ኮምፒዩተር ሲሠራ ነው። ተጠቃሚው ፈቃዱን የሚሰጥበት ቁልፍ መጀመሪያ «አድርገው» የሚል ትርጉም ያላቸው፣ «ዱ ኢት» የሚባሉ ሁለት ቃላት ተጽፈውበት ነበር። ለሙከራ ከተጋበዙት ሰዎች አንዱ ግን ቁልፉን በተመለከተ ቁጥር ይበሳጭ ጀመር። ምን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ ፕሮግራሙ ለምን እንደሚሰድበው አልገባውም፤ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ስለነበር «ዶልት» ብሎ አንብቦት ነበር፣ ደደብ ማለት ነው። መሐንዲሶቹ ቃሉን አንሥተው በቦታው ኦኬን አስቀመጡ። የዛሬው ቁልፍ አባት እሱ ነው።

ቁልፉ ወደ አማርኛ ሲመለስ «እሺ» ተባለ፤ ከጎኑ ያለው ደግሞ «ይቅር»። ተርጓሚዎቹን አልወቅስም፤ በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም ከዚህ የተሻለ የሚመጣልኝ አይመስለኝም። «ፎቶው ይጥፋ?» ተብሎ ሲጠየቅ እሺ ወይም ይቅር ማለት ደንበኛ አማርኛ ነው። ግን ስልኩ የሚያወጣው መስኮት ሁሉ ጥያቄ አይደለም፤ አንዳንዱ የቴሌግራፍ ወሬ ነው፣ ደርሶኛል እንዲባል ብቻ የሚፈልግ። አክስቴ ስልኳን በአማርኛ ካደረግንላት በኋላ አንድ ቀን መነጽሯን አድርጋ ማስታወቂያውን ጮክ ብላ አነበበችው፤ ማከማቻው ሞልቷል ይላል፣ ከሥሩ «እሺ» የሚል ቁልፍ ብቻ አለ። ወዲያና ወዲህ ፈለገች፣ ሌላ የሚነካ ነገር አጣች፤ ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችና፣ «ሞልቷል ይለኛል፣ ደግሞ እሺ በይ ይለኛል፤ ምን አድርጊ አለኝና ነው እሺ የምለው?» አለች።